ቸርኬውን ከመግዛቴ በፊት ብመዝነው ኖሮ

ይህንን የምጽፈው በመኪናቸው ላይ ትልቅና የሚያምር ቸርኬ (ጎማው የሚለብስበት ክብ) ለማስገባት ያሰቡ ሰዎች እኔ ያለፍኩበትን የስምንት ወር ድካምና አንድ ክፉ ምሽት እንዳይደግሙት ነው። በእነዚያ ወራት ብዙ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሁሉም የተነሱት ግን ከአንድ ነገር ነው። ቸርኬ ስገዛ ስፋቱን፣ ቀለሙንና የብሎን ቀዳዳውን ብዛት አጣርቼ፣ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ግን ሳልጠይቅ ገዛሁ።

መኪናዬ 1,200 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ትንሽ የቤት መኪና ናት። ከፋብሪካ የወጣችው በ15 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲሆን ጎማዋ 195/65 አር 15 ነበር (195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ኢንች ነው)። እኔ ያስገባሁት 18 ኢንች ቸርኬ ከ225/40 አር 18 ጎማ ጋር ነው። ሻጩ የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ዲያሜትር እኩል ሊባል የሚችል ስለሆነ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው እንደማይዛባ ነገረኝ፤ እውነቱን ነው፤ አንዱ 634፣ ሌላው 637 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኔም ከዚህ ተነስቼ ውጫዊው ስፋት ካልተለወጠ ሌላውም አይለወጥም ብዬ ደመደምኩ። አዲሱም አሉሚኒየም ስለነበር ቀላል መሆን አለበት የሚል እምነትም ነበረኝ። አሉሚኒየም ከብረት ቀላል ማዕድን መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በርካሽ ዘዴ ቀልጦ የተፈሰሰ ትልቅ ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው በውፍረቱ ስለሆነ፣ ከትንሽ የብረት ቸርኬ በልጦ የሚመዝንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ልዩነቱ የተሰማኝ በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ለራሴ ያመንኩት ግን ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ገንዘብ የወጣበትን ነገር መጥላት ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ የሚያየውን ነገር መጥላት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ቀድሞ ሳላስተውላቸው የማልፋቸው የአስፋልት መጋጠሚያዎች አሁን አንድ በአንድ ወንበሩ ሥር እየተንኳኩ ይቆጠሩ ጀመር። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ አንድ ተጨማሪ ሰው የጫነች ያህል ትጎተታለች። ከሁሉ የከፋው ግን እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ መንገድ ላይ የነበረው ነው። ኋላዋ መንገዱን ረግጦ መሄዱን ትቶ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ጎን መራመድ ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስዘረዝር ትንሽ አፍራለሁ። መጀመሪያ እንዲለሰልስልኝ ብዬ የጎማውን አየር ቀነስኩ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ቁመቱ አጭር በሆነ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ትንሽ ነው፤ ያን ያህሉን ስትቀንሱት ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ድረስ ይጨፈለቃል። ቀጥሎ አራቱንም ሾክ አብዞርበር በአዲስ ለወጥኩ። አንድ ሳምንት የተሻለ መሰለኝ፤ ምናልባት ተሽሎ ሳይሆን እንዲሻል ስለፈለግኩ ይሆናል። ከዚያ ጎሚኒዎቹ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ያሉት ላስቲኮች) ተለወጡ፤ ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ ተሠራ። አንዳቸውም ችግሩን አልነኩትም፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱም አልተበላሸም ነበር።

በመካከሉ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደረግኩ፣ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል እንዲሆን አስተካከልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ ዜሮ አሳየ፤ ሦስቱንም ጊዜ መሪው መንቀጥቀጡን ቀጠለ። በአራተኛው አንድ አዛውንት ጎሚስታ ቸርኬውን አውልቀው መሃል ቀዳዳውን በጣታቸው ዞሩበትና፣ «ልጄ፣ ይህ ቸርኬ የተሠራው ለሌላ መኪና ነው፤ ቀለበቱ የት አለ?» አሉኝ። የቸርኬው መሃል ቀዳዳ ከመኪናዬ ሀብ (ቸርኬው ከሚታሰርበት መሃል) የሰፋ ስለነበር፣ ክፍተቱን የሚሞላ ማዕከል መጠበቂያ ቀለበት ያስፈልገው ኖሯል። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ ማሰሪያ መሃል ለመሃል ይይዘዋል፤ መኪናው ላይ ግን በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ ጤነኛ፣ መንገድ ላይ ሕመምተኛ የሆነው።

ስለዚህ መንቀጥቀጥ በኋላ የተረዳሁት ነገር አለ፤ ለምን በ60 ሳይሆን በ100 እንደሚመጣ ለሚገርማችሁ ይጠቅማል። እንደኔ ዓይነት ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 14 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል። ከላይ በመኪናዋ ሞላ፣ ከታች በጎማው አየር የተያዘው የጎማ ክፍል ደግሞ ሲመታ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ የመዝለል ተፈጥሯዊ ጠባይ አለው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ትንሿ ጉድለት ትጎላለች። ቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ የ30 ግራም ልዩነት በዚያ ፍጥነት ጎማውን ወደ ውጭ የሚስበው 5 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ነው፤ ያውም በሰከንድ 14 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ። ቀለበቶቹ ሲገቡ መንቀጥቀጡ ጠፋ። እኔም ደስ ብሎኝ ነገሩ ሁሉ የተፈታ መሰለኝ።

ምሽቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከባለቤቴ ጋር ቁልቁለት እየወረድን ነበር። መታጠፊያው ከመድረሱ በፊት ያለው አስፋልት ከባድ መኪናዎች ዘወትር ፍሬን ስለሚይዙበት ተሸብሽቧል። ፍጥነቴ 70 ገደማ ነበር፤ በድሮው ቸርኬ በዚያው ፍጥነት ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ። ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ይንፈራገጥ ጀመር፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ መሥራቱ ነበር፤ ጎማዎቹ ግን መሬት ላይ ከመቀመጥ ይልቅ ከሽብሽብ ወደ ሽብሽብ እየዘለሉ ነበር። አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ሲያዝበት ወዲያው ይቆማል፤ ኤቢኤሱም ጎማው የተንሸራተተ መስሎት ፍሬኑን ይለቅለታል። ስለዚህ ፔዳሉን ስረግጥ መኪናዋ የምትቆመው ከምጠብቀው ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ኋላዋ ወደ ውጭ ተራመደ፤ መሃሉን መስመር አልፈን ከማዶ ጠርዝ ያለው ጉድጓድ ውስጥ በፊት ግራ ጎማ ገባን። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አልነበረም። የባለቤቴ መዳፍ ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፎ ቀርቶ ነበር፤ መኪናዋ ከቆመች በኋላም ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

ቸርኬው ወደ ውስጥ ታጥፎ ጎማው ተንፍሶ ነበር። በሪዘርባው ጎማ እንደምንም ቤት ደረስን። በማግስቱ ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ዕቃ ቤት አቧራ ሲጠጡ የከረሙትን አራቱን የ15 ኢንች ጎማዎች አወጣሁና እዚያው ግቢ ውስጥ ክሪክ ገብቶ ተለወጡ። ከግቢው ወጥቼ 200 ሜትር ሳልሄድ የማውቃት መኪናዬ ተመልሳ መጣች። የሚንኳኳ ነገር አልነበረም፤ መሪው ቀለለ፤ ነዳጅ ስረግጥ ተነሳች። የለወጥኳቸው ሾክ አብዞርበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚችሉትን ሥራ ተሰጣቸው።

ወደ ቤት ተመልሼ የሰውነት ክብደት የምንለካበትን ሚዛን ወደ ግቢ አወጣሁ። ራሴን ስመዘን 71.4 ኪሎ ሆንኩ። አሮጌውን ጎማ ከነቸርኬው ታቅፌ ስወጣ 87 አለ፤ ልዩነቱ 15.6 ኪሎ ነው። ከዚያ ካልታጠፉት ከትላልቆቹ አንዱን አነሳሁ። ገና ሳነሳው ወገቤ መልሱን ነግሮኝ ነበር። 94.8። ስቀንሰው 23.4 ኪሎ መጣ። በእያንዳንዱ ጎማ 7.8 ኪሎ፣ በአራቱ ከ31 ኪሎ በላይ ጨምሬያለሁ ማለት ነው። ስምንት ወር የፈለግኩት መልስ በሁለት ደቂቃ ሚዛን ላይ ተገኘ።

31 ኪሎ ለአንድ መኪና ምን ያህል ነው ትሉ ይሆናል። በዕቃ መጫኛው ውስጥ ብጭነው ኖሮ በእርግጥ አላስተውለውም ነበር፤ የአንድ ልጅ ክብደት ነው። ነገሩ ያለው ከየት በኩል እንደተጨመረ ላይ ነው። የመኪና ክብደት በሁለት ይከፈላል፦ ከሞላው በላይ የተቀመጠና ከሞላው በታች ያለ። አካሉ፣ ሞተሩና ሰዎቹ ከላይ ናቸው፤ ሞላው ከመንገዱ ይጠብቃቸዋል። ጎማው፣ ቸርኬው፣ የፍሬን ዲስኩና ዲስኩን የሚጨብጠው ካሊፐር ግን ከታች ናቸው፤ እነሱን ከመንገዱ የሚጠብቅ የጎማው አየር ብቻ ነው። በእኔ መኪና በአንድ ጎማ በኩል ከሞላ በታች ያለው ሁሉ ተደምሮ በግምት 35 ኪሎ ቢሆን ነው። በዚያ ላይ 8 ኪሎ ሲጨመር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በላይ ማደጉ ነው። ያው 31 ኪሎ ከሞላ በላይ ቢሆን ግን ከመቶ 3 እንኳ አይሞላም።

ጎማው ጉብታ ሲያገኝ ወደ ላይ ይወረወራል። ቀላል ከሆነ ሞላው ቶሎ መልሶ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከባድ ከሆነ ግን የያዘው ጉልበት ብዙ ስለሆነ አካሉን ይዞ ይገፋል፣ ሲመለስም ይዘገያል። የመጀመሪያው ምቾት ይነሳል፤ ሁለተኛው ደግሞ መንገድ መያዝን ያሳጣል። አካሉ በሞላው ላይ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ያህል በዝግታ ይወዛወዛል፤ ጎማው ግን እንዳልኩት በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ። ሾክ አብዞርበር ሁለቱንም እንዲያረጋጋ የሚለካው ፋብሪካው ባሰበው የጎማ ክብደት ነው። እኔ ለመኪናዋ የሚስማሙ ትክክለኛ አዲስ ሾኮች አስገብቼ፣ ያልተለኩበትን ጎማ እንዲያስቆሙ ጠየቅኳቸው። መሐንዲሶች ለዚህ ጉዳይ ምን ያህል ይጨነቃሉ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ጃጓር ኢ ታይፕ የተባለው የስፖርት መኪና የኋላ ፍሬን ዲስኮቹን ከጎማው አጠገብ አንስቶ መሃል ላይ ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ጎን ያስቀመጠው ይህንኑ ከሞላ በታች ያለ ክብደት ለመቀነስ ነው። ለጥገና የማይመች ሥራ ነበር፤ ሆኖም ዋጋ አለው ብለው ገቡበት።

ሌላው ጎማ የሚሽከረከር መሆኑ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት መኪናው ሲፈጥን ወደ ፊት መገፋት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ጎማ ግን ወደ ፊት መገፋትም፣ መሽከርከርም አለበት። ክብደቱ ከመሃል በራቀ ቁጥር ይህ ዕዳ ይጨምራል፤ ጨርሶ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ መኪናው ሲነሳና ሲቆም የሁለት ኪሎ ያህል ይከብዳል። ትልቅ ቸርኬ ብረቱን ወደ ውጭ ስለሚያወጣ እኔ የጨመርኩት 31 ኪሎ በመነሳትና በማቆም ጊዜ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት ሆኖ ነበር። በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ ስትጓዙ ግን ይህ አይታወቅም፤ የነዳጁም ልዩነት በብዛት የሚታየው መነሳትና መቆም በበዛበት ጉዞ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ጎማው ራሱ ከቸርኬው የበለጠ ከመሃል የራቀ መሆኑን ነው። ተመሳሳይ መጠን ያላቸው የተለያዩ ፋብሪካ ጎማዎች ከአንድ ኪሎ በላይ ሊለያዩ ስለሚችሉ፣ ቀላል ቸርኬ ገዝቶ ከባድ ጎማ ማልበስ ግማሹን ጥቅም መልሶ መስጠት ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ፤ ጥፋቱ ሁሉ የክብደት አልነበረም። የድሮው ጎማዬ ጎን 127 ሚሊ ሜትር ቁመት ነበረው፤ የአዲሱ 90 ብቻ። ትናንሽ ስንጥቆችን የሚውጠው ይህ የጎማ ጎን ነው፤ ስለዚህ በከተማ ውስጥ የነበረው መንኳኳት አብዛኛው ከእሱ የመጣ ይመስለኛል። በሽብሽቡ ላይ የነበረው መዝለልና ሲነሳ የነበረው መጎተት ግን የክብደቱ ሥራ ነው። እንዲሁም በሁለት ቶን መኪና ላይ 8 ኪሎ እኔ የተሰማኝን ያህል አይሰማም፤ ከሞላ በታች ያለው ክፍል መጀመሪያውኑ ከባድ ነው፣ ሾኩም ለዚያ ተዘጋጅቷል። መኪናችሁ ትንሽና ቀላል ከሆነች ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለባችሁ።

ያን ጊዜ አንድ ሌላ ስህተትም አገኘሁ፤ ከክብደቱ ባልተናነሰ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የድሮው ጎማዬ ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ 91 የሚል ቁጥር አለ፤ አንድ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ያ ሁሉ ስፋት ያለው አዲሱ ጎማዬ ላይ የተጻፈው 88 ነበር፤ 560 ኪሎ። ሰፊ ስለሆነ ይበልጥ ይሸከማል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ የሚሸከመው ግን በውስጡ ያለው አየር ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያው አየር ላይ ቀንሼ ነበር።

በመጨረሻ ትንሽ ማማር አይከፋም ብዬ ወደ 16 ኢንች ሄድኩ፤ ጎማው 205/55 አር 16፣ ቁጥሩ 91። ይህ መጠን በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ተፈቅዶ የተጻፈ ነው፤ ብታምኑም ባታምኑም መጽሐፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈትኩት ያን ጊዜ ነው። ቸርኬው ከተፈሰሰ በኋላ ጠርዙ በሚሽከረከር መጭመቂያ እየተሳበ የቀጠነ ዓይነት ስለሆነ፣ ብረቱ ጠንካራ ሆኖ 7.1 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ጎማ ለብሶ 16 ኪሎ ሆነ። በግፊት ተቀጥቅጦ የሚሠራው ከዚህም ይቀልላል፤ ዋጋው ግን ለእኔ ዓይነት መኪና አይገባም።

ልትገዙ ስትሄዱ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፤ የሻንጣ መስቀያ ትንሽ ሚዛንም ይበቃል። ሻጩ ቢስቅባችሁ ይሳቅ። ቀጥሎ ቸርኬውን ገልብጣችሁ ጀርባውን አንብቡ። ስንት ኪሎ እንደሚሸከም በላዩ ላይ ተቀርጾ መገኘት አለበት፤ ጄ ደብሊው ኤል የሚለው የጃፓን ደረጃ ምልክትም ካለ መልካም ነው። ምንም ያልተጻፈበት እጅግ ቀላል ቸርኬ ከከባዱ ይብሳል፤ ከባዱ ያስቸግራል፤ ያ ግን ጉድጓድ ውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጀርባው ላይ ኢቲ ተብሎ የተጻፈውንም ቁጥር፣ ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ የሚያሳየውን፣ ከድሮው ጋር አስተያዩ። የእኔ ድሮ 45 የነበረው በ18ቱ 35 ሆኖ ጎማውን ወደ ውጭ ስላወጣው፣ መሪው የመንገዱን ቦይ እየተከተለ ይጎትተኝ ነበር፤ ኩሽኔታውም ያለ ልኩ ይሸከማል። ዳዶዎቹም ከቸርኬው ቀዳዳ ቅርፅ ጋር መግጠማቸውን እዩ፤ ሾጣጣ ለሆነ ቀዳዳ ክብ ጭንቅላት ያለው ዳዶ አይሆንም። ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ሁሉንም ደግማችሁ አጥብቁ። እኔ ሳጠብቅ ከሃያዎቹ ዳዶዎች ሦስቱ ሩብ ዙር ያህል ተቀበሉ።

አዲሶቹ በገቡ በሳምንቱ ወደዚያው ቁልቁለት ብቻዬን ሄድኩ፤ በጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ። በ50 ጀምሬ በ60፣ ከዚያ በ70 ፍሬን ያዝኩበት። መኪናዋ ሽብሽቡ ላይ ተንቀጠቀጠች፤ ኋላዋ ግን ከመስመሩ አልወጣም፣ ፔዳሉም ከእግሬ ሥር ዝም አለ። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ እዚያ መታጠፊያ ስንደርስ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ታደርጋለች።